እጄ ያወቀው

ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ለኢድ መጥታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ አይጥ ላይ። «ግመል አርጄ ያሳደግኩሽ ልጅ አይጥ ጋ ወረድሽ» እያልኩ አበሽቃታለሁ።

«አባ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ።»

አየሁ። አይጧ ተኝታለች። ጎኗ ውስጥ አንድ ነገር ቀይ ሆኖ ያበራል።

«በምን ከፈታችኋት?»

«አልከፈትናትም። ከአቧራ በጣም የደቀቀ ብናኝ አለ፣ ናኖ የሚሉት። በጅራቷ ደም ስር እንወጋታለን። ሄዶ ሄዶ ጎኗ ውስጥ ያለው እጢ ላይ ይከማቻል። ከውጭ ሆነን በማሽን እናየዋለን።»

«ከዚያስ ሞተች?»

«ኧረ አባ! ይኸው፣ ነቅታ ስትበላ።»

እውነትም ትበላለች...

«እኔ ያለ ማሽንም አውቃለሁ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ባቢሌ ገበያ ግመል የምገዛው በእጄ ዳብሼ ነው። ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር ካገኘሁ ወላሂ በነጻ ቢሰጡኝ አልወስድም። አንዳንዴ ያመለጠኝን አርጄ ስከፍተው አገኘዋለሁ። እሱ ለጅብ ነው።

ልጄ ሳቀች። ቆይታ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«እማንም እንዲህ ቢያዩልን ኖሮ... ግን ለማንም አልተናገረችም። በሆዷ ይዛው ሄደች። አንዳንዴ እናደድባታለሁ አባ።»

«ሻይ አምጪ» አልኳት።

ሚስቴ ከመሞቷ ሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጀጎል ቤታችን ውስጥ፣ እጄን ይዛ ብብቷ ስር አስገባችው። «ያንተ እጅ ያውቃል፣ እስቲ ንካልኝ» አለች። ነካሁ። እጄ ወዲያው አወቀው።

«ስብ ነው፣ ምንም የለም» አልኳት። አመነችኝ።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። እጢ የሚታየው ተከፍቶ ነው፣ የተከፈተ ደግሞ አይነሳም። ሐኪም ቤት ብወስዳት ይከፍቷታል ብዬ ፈራሁ። አራጁ እኔ... ፈራሁ።

ማንም አልከፈታትም። ገላዋ እንዳለ ቀበርኳት፣ አላህ ይርሀማት።

ዛሬ ጠዋት ልጄን ፈረስ መጋላ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ነገሩ አፌ ላይ ነበር፣ አልወጣልኝም። እዚህ ገጼ ላይ የምጽፈውን እንደምታነብ አውቃለሁ። ፊደል እየለቀምኩ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።

ልጄ፣ እናትሽ ተናግራ ነበር። የዋሸኋት እኔ ነኝ።