አክስቴና ዝምተኛው ሾፌር

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋና የኔ ጸጉር ቤት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው የሚለያዩት፤ እሷ ስታስነጥስ ከዚህኛው ወገን "ይማርሽ" እላታለሁ። ምላሷ ከመቀሷ ይልቅ ስል ነው ይሏታል። እኔንም ብዙ ጊዜ ቆርጣኛለች። አንድ ነገሯን ግን የሚክድ የለም፤ የደንበኛ ጨርቅ ካበላሸች አትደብቅም። ባለቤቱን ታስጠራና ሱቁ ውስጥ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት "እዚህ ጋ አጥፍቻለሁ፤ የሳተው የኔ እጅ ነው" ትላለች። ጨርቁን የምትተካው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ ወገን እንዲህ ነው። ጥፋት በአፍ ካልተነገረ፣ ቢካስም አልተካሰም።

ለአክስቴ ደግሞ ነገሩ ከወግም ያለፈ ነው። ባሏ ልጆቹ ገና ሳይጠኑ ሌላ ትዳር ይዞ ሄደ። በየወሩ በወንድሙ እጅ ዘይትና ሳሙና ይልክላት ነበር፤ አንድም ወር አላቋረጠም። ቃል ግን አልላከም። ለልጆቿ ስትል ተቀበለች። "በሳሙና የማይለቅ ነገር አለ" ትል ነበር ልብስ እያጠበች። እሱ እስኪሞት ድረስ ያቺን አንዲት ቃል ጠበቀች፤ ቃሏም ሳትመጣ ቀረች።

እንግዲህ የከተማው አውቶብስ በር የተዘጋው በዚህች ሴት እጅ ላይ ነው። የጨርቅ ፌስታሏን ይዛ ስትወርድ ሾፌሩ ሳያይ ዘጋባትና የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። መርፌ የምትይዝባቸው ጣቶች ናቸው። ጄሶ ታሰረላት።

ሾፌሩ ከማዶዎቹ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ያሉትን እንዲህ ነው የምንላቸው። እኛ እነሱን "አንደበት የነሳቸው" እንላለን፤ እነሱ እኛን "በአፋቸው ቤት የሚሠሩ" ይሉናል። በአንድ ገበያ እንገዛለን፣ በአንድ አውቶብስ እንጋፋለን፤ ከዚያ ሌላ የሚያገናኘን ሐሜት ብቻ ነው።

አክስቴ ከሐኪም ቤት በተመለሰች ማግስት ሰውየውን ሱቋ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ሸምገል ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና የብረት መዝጊያውን አነሳላት፤ መቼም በአንድ እጅ የሚነሳ አይደለም። ጠረገ፣ ውሃ ቀዳ፣ ከዚያ ካውያውን ሰክቶ ተራ የሚጠብቁትን ሱሪዎች ይተኩስ ጀመር። ሥራውን ሲጨርስ እንደ አመጣጡ ጎንበስ ብሎ ሄደ። በማግስቱም መጣ። ከዚያም በኋላ አልቀረም።

አክስቴ ጦፈች። አጠገቧ ቆሞ ሳለ "ለሰውየው ንገሪው፤ ኮሌታው መጀመሪያ በውስጥ በኩል ይተኮሳል" ትለኛለች። እነግረዋለሁ። የሰው ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ትቼ አንድ ቋንቋ ለሚናገሩ ሁለት ሰዎች አስተርጓሚ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር አተኳኮሱ ሙያ ነበረው፤ ደንበኞች "ማነው የተኮሰው?" እያሉ ማመስገን ጀመሩ። ይሄ ደግሞ ይብሱን አበገናት።

ከአውቶብስ ዴፖው ባልደረቦቹ መጥተው ነገሩን ሲያስረዱን ሌላ ጣጣ ተሰማ። ሾፌሩ ከሥራ ታግዷል። አክስቴ ዴፖው ድረስ ሄዳ ታርቀናል ካላለች ያባርሩታል፤ ገና የሚያስተምረው ልጅም አለው። አክስቴ እጁ ወደ ካውያው እንዲያ የሚፈጥነው ለካ ለእንጀራው ነው ብላ ደመደመች። ራሱ ይምጣና በአፉ ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ ያኔ እሄዳለሁ አለቻቸው። በየቀኑ ይመጣ የለም ወይ ቢሏት፣ "የሚመጣው እጁ ነው፤ አፉን የት አስቀምጦት ነው?" አለች።

ወደ ዴፖው የምትጠራበት ቀን ተቃረበ። ሰውየው መተኮሱን እንጂ መናገሩን አላሰበበትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ትዕግሥት አለቀ። እኔንም አልጠራችኝም፤ ድምፅዋን ሰምቼ ራሴ ነኝ የሄድኩት።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አለችው። "አንዲት ይቅርታ ምን ብበድልዎ ነው የነፈጉኝ?"

ካውያውን አቆመ።

"እመቤቴ፣ እጅዎን ወሰድኩብዎት" አለ። "አሁን ደግሞ ይቅርታዎንም ይስጡኝ ልበል? ከአንድ ሰው ስንቴ ይወሰዳል?"

ሰውየው ቀስ እያለ አስረዳት። በነሱ ዘንድ የበደለ ሰው አይለምንም። ልመናው የሚያቀለው የራሱን ሸክም ነው፤ በተበዳዩ ላይ ግን ከሕመሙ ሌላ በዳዩን የማጽናናት ሥራ መጨመር ነው። መጥቶ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ተበዳዩ በራሱ ጊዜ "በቃህ" እስኪለው። መናገር የተበዳዩ ድርሻ ነው። "እኔ እርስዎን ስጠብቅ ነው የከረምኩት" አለ። እሷ እሱ እስኪናገር፣ እሱ እሷ እስክትናገር! መሀላቸው ቆሜ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

"ዴፖውስ?" አለችው።

"ዴፖው ቢያባርረኝም ነገ ጠዋት እመጣለሁ።"

ተቀመጠች። ጄሶ ያለበትን እጇን በደህናው አቀፈችና ድምፅዋ ወረደ።

"እንዲለምኑኝ አይደለም የምፈልገው" አለች። "የደረሰብኝን ማወቅዎን ነው። ያደረጉትን ብቻ ይንገሩኝ። ምንም አይጠይቁኝ።"

እስከ አንገቱ ከቆለፈው ሸሚዝ የላይኛዋን ቁልፍ ፈታ።

"መስታወቱን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም" አለ። "ረፍዶብኝ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እጅዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

እዚያ ላይ አቆመ። ምንም አልጠየቀም። አክስቴ አለቀሰች፤ ከእንባዋ ገሚሱ ለጣቶቿ፣ ገሚሱ ለዚያ ሁሉ ዘመን ዘይትና ሳሙና መሆኑ ለኔ ግልጽ ነበር። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በዚያ መሀል ካስክ ውስጥ የተውኳት ደንበኛ ልትቃጠል ነው ብላ እየተጣራች ነበር።

እስከ ዛሬ ሳስበው ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የተበደለ ሰው ዳግመኛ እንዳይበደል። ልዩነታቸው፣ እሱ በዝምታ እሷ በቃል መከላከላቸው ነው። ይህን ስል ግን ሰፈሩ ታረቀ ማለቴ አይደለም። የኛዎቹ "በግድ አናገረችው" አሉ፤ ማዶዎቹ ደግሞ "ሽማግሌ አዋረደች" አሉ። እናቴ እንኳን እስካሁን ማዶ ተሻግራ አታውቅም።

ዴፖው ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው "ይቅርታ ጠይቆዎታል?" አላት።

"አልጠየቀኝም" አለች። በሩ ላይ የቆሙት ባልደረቦቹ ክው አሉ። "እኔም አላስጠየቅኩትም። ታርቀናል፤ መኪናውን መልሱለት።"

ኃላፊው ነገሩ አልገባውም። መኪናውን ግን መለሰለት።

ጄሶው ተፈታ። አንደኛው ጣቷ ዛሬም በደንብ አይታጠፍም፤ ስፌቷ ዘገምተኛ ሆኗል። ሾፌሩ የእረፍት ቀኑ ሲደርስ ይመጣል፤ መዝጊያውን ያነሳል፣ ይተኩሳል። አሁን ያወራሉ። ማለት እሷ ታወራለች፣ እሱ አልፎ አልፎ "እህ" ይላል፤ ለሱ ይህ ወሬኛ መሆን ነው።

ባለፈው አላስችል ብሎኝ ጠጋ አልኳት። "አክስቴ፣ አንቺ ፍርድ ትወጂ የለ? ግፍ ነው እኮ። 'በቃህ' በይውና ሰውየው ይረፍ።"

ወደ ካውያው በኩል አየት አደረገችና፣ እሱ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በቃህ ካልኩትማ አይመጣም" አለች።