የክብር እንግዳው ንግግርና የሄለን ሮቦት

ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ የእህቴ ልጅ የሄለን ሮቦት ውድድሩ ሳይጀመር ቀጥ አለ።

ለዓለም አቀፉ የሮቦት ውድድር ተወዳዳሪ የሚመረጥበት ቀን ነበር። መስመር የሚከተል አለ፣ ኳስ የሚጫወት አለ። የሄለን ሮቦት ደግሞ ተጋጣሚውን ከመድረክ ገፍትሮ የሚያወጣ ነው።

አዘጋጁ «የክብር እንግዳው ሲናገሩ ያንቺ ከጎናቸው ይሽከርከር፤ ለካሜራ ያምራል» አላት። እንግዳው ስለ ቴክኖሎጂ ተናግረው ሲጨርሱ ባትሪውም አብሮ አለቀ።

«ቻርጅ ላድርገው?» አለች።

«ጊዜ የለንም፣ እህት» ብሎ ከውድድሩ ሰረዛት። ጊዜውን የበሉት ሰውዬ ፊት ወንበር ላይ ለስላሳ ይጠጣሉ።

ሲወጡ «የኔ ልጅ፣ ከሮቦትሽ ጋር ፎቶ እንነሳ» አሏት።

«ሞቷል» አለች። «ከፈለጉ ለቅሶ ይቀመጡ።»



የናንተን ልጅ ዕድል የማን ንግግር በላው? እዚህ ጻፉት፤ እነሱም ያንብቡት።