ወንድሟ ነኝ ያለው ሰው

ጥይት የመታትን ልጅ የሚያስታምመው ሰው ወንድሟ ነኝ ብሎ ነበር ወደ ጤና ጣቢያው የገባው። ነርሷ ግን ገና ከመጀመሪያው አላመነችውም። ወንድም የእህቱን ፀጉር እንዲህ አያበጥርም። እሱ እንዳያማት ፈርቶ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚፈታው። መካኒክ ስለሆነ ጣቶቹ ግራሶ የጠገቡ ናቸው፤ እሷን ከመንካቱ በፊት ቆዳው እስኪላጥ በሳሙና ይፈትጋቸዋል። ልጅቷ ዓይኗን ባትገልጥም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ወሬ ያጫውታታል። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ክው ይላል።

ከተማው የሚያወራው ከነርሷም ጆሮ ደርሷል። የሁለቱ ቤተሰቦች ደም የተቃቡ ናቸው። የተኮሱት የገዛ ወንድሞቿ ሲሆኑ፣ ጥይቱም የታሰበው ለእሱ ነበር፤ መሃል የገባችው እሷ ናት።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ወንድሞቿ ጠመንጃቸውን አንግተው ግቢውን ሲያቋርጡ ነርሷ በመስኮት አየቻቸው። ወደ ልጅቷ ክፍል ሮጠች።

«አንተ ሰው፣ መጡብህ! በጓሮ በር ውጣ!»

ከወንበሩ አልተነሳም።

«ሲስተር፣ ስትነቃ የት ሄደ ብትልዎት ምን ሊሏት ነው?»

«በሕይወት አለ እላታለኋ!»

«ካልነቃችስ?»

የጫማ ኮቴ ኮሪደሩን ሲሞላው ነርሷ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። በሩ በሰደፍ ተደበደበ።

«ቆዩ!» ብላ ጮኸች። «በሽተኛ እያጠብን ነው!»