አጥሩ ሥር የሚቆፍሩት እማማ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ አሰላ ዳር ባለ አንድ የዕፅዋት ማዕከል በበጎ ፈቃድ አገለግል ነበር። ሥራዬ አረም መንቀልና ጎብኚ ተክል እንዳይቀጥፍ መጠበቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ካፊያው ሳያባራ፣ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት አጥሩ ሥር ጎንበስ ብለው በቢላ ሲቆፍሩ አየሁ። አጠገባቸው ትልቅ ፌስታል አለ። በዚያው ሰሞን ችግኝ ተሰርቆብን ስለነበር ዘበኛውን ልጠራው አሰብኩ። ግን ምን እየነቀሉ እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁና ቀስ ብዬ ተጠጋኋቸው።

«እማማ፣ ከዚህ መንቀል አይቻልም» አልኳቸው።

«መቼ ነቀልኩ?» አሉ ቀና ሳይሉ። ፌስታሉን ከፍተው ሥሯ በአፈር የተጠቀለለ የቀጋ ችግኝ አወጡ። «ግቢያችን ለመንገድ ተለክቷል፣ ልጄ። ዶዘሩ ሲመጣ ይቺንም ይዟት ይሄዳል። እዚህ ግን ማንም አይነካትም።»

«እዚህ ለመትከል እኮ ፈቃድ ያስፈልጋል» አልኩ።

«ያቺን ስተክል ማንም አልጠየቀኝ» አሉና በቢላቸው ወደ ኋላዬ አመለከቱ።

ዞር ስል ቁመቷ ከእኔ የሚበልጥ ወይራ ቆማለች። ግንዷ ላይ ሳይንሳዊ ስሟ የተጻፈበት የማዕከላችን ታፔላ ተንጠልጥሏል።