በመኪናው በር ላይ የነበረው ወረቀት

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከሥራ ገብቶ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እኔ ለባግሩት፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ሒሳብ እያጠናሁ ነበር። ደብተሬን ገፋ አደረገው።

«ሦስት ሺህ አሥራ ስምንትን ፈልግልኝ። ነገ የምጭነው እሱን ነው።»

መጽሐፉ በመንገድ የሚጓዙ አደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ባለአራት አሃዝ ቁጥር አለው፤ ከቁጥሩ ጎን ስሙ፣ ከስሙ ጎን የአደጋው ክፍል ተጽፏል። መስመሮቹ ስለሚቀራረቡ በማስመሪያ ነበር የምከተላቸው። ከላይ ያለው መስመር የሚነድም መርዝ ነው። እሱ የሚጭነው መርዝ ብቻ ነው፤ ለበረሃው እርሻ የሚሄድ የተባይ መድኃኒት።

«ክፍል ስድስት» አልሁት በዕብራይስጥ።

«አውቃለሁ። ሦስት ያቃጥላል፣ ስድስት ይገድላል፣ ስምንት ይበላል።» ለሹፌርነቱ ፈተና ሲያጠና እሱ ራሱ ያወጣት ማስታወሻ ነበረች።

«ዘጠኝስ?»

«ዘጠኝ እንዳንተ ነው፤ ምን እንደሆነ ገና አልተለየም።»

እናታችን ከወጥ ቤት ሳቀች።

ከጎንደር ስንመጣ ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ ዕብራይስጡን በትምህርት ቤት ለመድሁት። እሱ አምስት ወር ኡልፓን፣ የመጤዎች የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት፣ ተምሮ መጋዘን ገባ። መናገሩን ቻለበት፤ ማንበብ ግን ፊደል በፊደል ነበር። የአደገኛ ዕቃ ሹፌርነቱን ፈተና ያለፈው በሦስተኛው ጊዜ፣ ጥያቄውን እያነበቡለት ነው።

የሚሠራበት ኩባንያ ከጭነቱ ጋር አንድ ወረቀት ይሰጣል። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ቢፈስ፣ ሰው ቢነካው ምን እንደሚደረግ ይናገራል። በዕብራይስጥ ነው። «በአማርኛ ገልብጥልኝ» አለኝ። ገለበጥሁለት። በትልልቅ ፊደል። የኔን ወረቀት በመኪናው በር ላይ ላለው የፕላስቲክ ኪስ ለየው። የዕብራይስጡን አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከተተው።

«በሩ ላይ የሚሆነው እኮ ያኛው ነው፣ አኺ፣ ወንድሜ።»

«ዋና ወረቀት ከሰውነት አይለይም። ተቆጣጣሪ ቢያስቆመኝ አውጥቼ አሳያለሁ። የማላነበው ወረቀት በሩ ላይ ምን ይሠራልኛል?»

አልተከራከርሁም። እውነቱን መስሎኝ ነበር። ወይም ወደ ሒሳቤ ልመለስ ፈልጌ ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም።

በማግስቱ ከቀትር በፊት መኪናው ከከተማው በስተደቡብ ተገለበጠ።

ከአጎቴ ጋር ሆስፒታል ስንደርስ ወንድሜ አርፎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የቆመ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነውን ነገረን። ጄሪካኖቹ ተሰብረው መድኃኒቱ ፈሷል። እንዲህ በጄሪካን ለሚጫን ዕቃ የመኪናው ብርቱካንማ ሰሌዳ ቁጥር የለውም፤ አደጋ አለ ይላል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ወንድሜ ራሱን ስቶ ከመሪው ሥር ተይዞ ነበር፤ እሱን ለማውጣት ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዱ ጭንብል አድርጎ ቀረበና የፈሰሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከበሩ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ማንበብ አልቻሉም። ኩባንያው በስልክ እስኪመልስላቸው ድረስ ርቀው ቆሙ። ከግማሽ ሰዓት በላይ።

«ምን አለ?» አለኝ አጎቴ። ዕብራይስጥ አይሰማም።

«የቻልነውን አደረግን ነው የሚለው» አልሁት። እስከ ዛሬ አላስተካከልሁትም።

ሐኪሟን ብቻዬን ጠየቅኋት። ቀድመው ቢያወጡት ይተርፍ ነበር? «ይህን አትጠይቅ» አለችኝ። አዎ አላለችም። አይደለምም አላለችም።

በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ነው የሚያረዱት። «እናትህ እስኪነጋ አትሰማም» አለ አጎቴ። መኪናው ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ሊያድር ነው አልናት።

«ብርድ ልብስ ይዟል?» አለችኝ።

«ይዟል» አልኋት።

ሲነጋ መጡ። እናቴ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ማንም ቃል ሳይናገር አወቀች። እኔ አብሬያት መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥሁም። በሽማግሌዎቹ መካከል አልፌ ደረጃውን ወረድሁና ከሰፈራችን ከሽኩና ቫቭ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በእግሬ ሄድሁ። ሆስፒታል ሳለሁ አንድ ፖሊስ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ለጠዋት እንደሚፈልግ ነግሮኝ ነበር።

መርማሪው ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠው። መስመር በመስመር ወደ ዕብራይስጥ መልሼ አነበብሁለት። ስሕተት አልነበረበትም። ቁጥሩ ልክ ነው። ክፍሉ ልክ ነው።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን በአማርኛ?»

«እንዲያነበው።»

ያንንም ጻፈው። በሩ ላይ የትኛው መሆን እንዳለበት አውቅ እንደነበር ግን አልጠየቀኝም። ራሴ ነገርሁት። ያንንም ጻፈና አስፈረመኝ።

ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ወደ ቤት አልተመለስሁም። ወደ መቃብሩ ሄድሁና ሌሎቹ እስኪመጡ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ።