ጠንካራው ዘንግ

አዲስ ሮለ ከካርቶኑ ሲወጣ ያ የማሽን ቅባት ሽታ አፍንጫዬ ላይ ከደረሰ ዛሬም እጄ ይቆማል። ሮለ የምልህ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚታሰረውን የክር ማጠንጠኛ ነው፤ እዚህ ዙሪክ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። የምሠራው እነዚህ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ስለሆነ ሽታው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያገኘኛል። ደንበኛው ምን ነካው ብሎ ያየኛል። እኔም የተለመደውን እጠይቃለሁ፤ ለየትኛው ዓሣ ነው፣ ከዳር ሆነው ነው ከጀልባ፣ አወራወርዎ ምን ዓይነት ነው?

እህቴም ጄኔቫ ውስጥ ይህንኑ ተጠይቃ ነበር። የመለሰችው ግን "ለወንድሜ ነው" ብላ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል የምትባል ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠን ቤት ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር እኖር ነበር። የጥገኝነት ጥያቄዬ ኔጋቲቭ ሆኖ ተመልሶ ይግባኝ ብያለሁ። ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ሁለት ወር ያህል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ትምህርቱንም ተውኩት። እህቴ ስትደውል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ፤ እሷም ዝም ትላለች፤ እንዲያ ትንፋሽ ለትንፋሽ ስንደማመጥ ቆይተን "በል እንግዲህ ደህና ሁን" ትለኛለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጄኔቫ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር። የመኖሪያ ካርዷ በአሠሪዎቿ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እነሱ ካሉ አለች፣ እነሱ ከሄዱ የለችም።

ከአልጋ ያስነሱኝ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው። አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩተው ሁለት ዘንግ አሳዩኝና "እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ብቻ ነው" አሉ። ተነሥቼ ተከተልኳቸው። ለምን እንደተከተልኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። በአውቶቡስ ኮረብታውን ተሻግረን ታልቪል ወረድንና ከዙሪክ ሐይቅ ዳር ቆምን። ውሃው የሚሸተው እርጥብ ድንጋይ ድንጋይ ነበር። በኋላ የማጥመጃ ፈቃዴን ያወጣሁትም እሳቸው መጽሐፉን እያስጠኑኝ ነው።

የሳቸው ዘንግ አመራረጥ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ማየት ነው። የኛ ሐይቅ ዓሣ ኤግሊ ይባላል፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ሰንበር ያለው፣ ክንፈ ቀይ። "የባስ፣ የዚያ የአሜሪካኖቹ ትልቅ ዓሣ፣ የአክስት ልጅ ነው፤ ባስ ማጥመድ የለመደ ሰው ኤግሊ አያቅተውም" ይሉ ነበር። መንጠቆ ላይ ለምትሰካው ትንሽ የጎማ ትል የሚሰጡኝ ጫፉ እንደ ሣር የሚታጠፍ ቀላል ዘንግ ነው፤ ሮለው ከሥሩ የሚንጠለጠል፣ ስትወረውር ክሩ ብቻ እየተፈታ የሚወጣ። ዓሣው ትሏን ሲነካት ጣትህ ላይ ቱክ ይልሃል። ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረች ለምትመጣው የዓሣ ማታለያ ቆርቆሮ ደግሞ መካከለኛውን። ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እንደ ዱላ የማይታጠፍ፣ ሣር ውስጥ የተደበቀ ትልቅ ባስ በጉልበት ጎትቶ ለማውጣት የተሠራ። የሱ ሮለ ከላይ ይቀመጣል፣ ስትወረውር ክሩ የተጠመጠመበት በርሜል ራሱ ይዞራል፤ በአውራ ጣትህ ካልያዝከው ክሩ ያልተበጠረ ፀጉር ይሆናል። ቀላል ነገር ደግሞ አይወረውርልህም። "ይሄ እኛ ዘንድ ሥራ የለውም" ብለውኝ ነበር።

አፌ ተፈታ። ለእህቴ ስልክ ላይ ስለ ኤግሊ ማውራት ጀመርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያልተናገርኩት ልጅ ስለ ክር ውፍረት ሳወራላት ስታለቅስ ይሰማኛል። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ሱቅ ሄደች። ሻጩ ጥያቄ ሲያበዛባት በዚያች በተቆራረጠች ፈረንሳይኛዋ "ለወንድሜ ነው፣ ጠንካራ ይሁን" አለችው። እኛ ዕቃ ስንገዛ ሌላ ምን እንጠይቃለን? ጠንካራ ነው ወይ? ይሰነብታል ወይ? ሰውየውም ጠንካራውን ሰጣት።

እሑድ ዕለት ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ተጉዛ፣ ያን ረጅም ዕቃ እንደ ሕፃን ታቅፋ መጣች። ካርቶኑን ስከፍት ቅባቱ ሸተተኝ። ሦስተኛው ዓይነት ነው። ሮለው ከላይ ተቀምጧል፣ ዘንጉ ንቅንቅ አይልም።

"እንዴት ነው? ተሳሳትኩ?" አለችኝ።

"ኧረ ትክክለኛው ነው፣ እትዬ።"

በዚሁ መካከል ሽማግሌው ብቅ አሉ። ዘንጉን አዩት፣ ጫፉን ሊያጥፉት ሞከሩና በጀርመንኛ "በዚህ እንኳ የተበላሸ ትራም ይጎተትበታል" አሉኝ። እህቴ ምን አሉ ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም አሉ" ብዬ ተረጎምኩላት። እጅ ነሣቻቸው። እሳቸውም ግራ እየገባቸው እጅ ነሡ።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ስትመጣ ቀላሉን ዘንግ በሽማግሌው ምድር ቤት እደብቅና በሷ ዱላ እቆማለሁ። ትሏ እግሬ ሥር ትወድቃለች። ትንሽ ጉልበት ስጨምር ክሩ ይተበተብና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስፈታ እቆያለሁ። እሷ ጃንጥላ ይዛልኝ ዳዊቷን ታነባለች። መጀመሪያ ላይ ትቀልድ ነበር፤ "ይሄ ዓሣም እንደ ቢሮዎቹ ቀጠሮ ይፈልጋል መሰለኝ" ትላለች። ሽማግሌው ለምን እውነቱን አትነግራትም ይሉኛል። የሳቸው እህት የማይሆን ጫማ ብትገዛላቸው ደረሰኙን ተቀብለው ሱቅ ሄደው ይቀይሩታል። እኔ ደግሞ በማይሆነው ጫማ ዕድሜ ልኬን የምሄድ ሰው ነኝ።

በግንቦት ማለቂያ አሠሪዎቿ ወደ ሌላ አገር ተመደቡ። አብረሽን ነይ አሏት። ከሄደች ሥራም ካርድም አላት። ከቀረች ካርዷ ይሞታል፤ ጄኔቫ ዳር ኦኔ የሚባል ሰፈር የምትኖር ጓደኛዋ ሳሎን ተደብቃ የሰው ቤት ማጽዳት ነው ዕጣዋ። እኔን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። እኔም እንድትቀር ፈልጌ ነበር። ቅሪ አላልኳትም፣ ሂጂም አላልኳትም። ከሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ ብትሄድ ተመልሼ ግድግዳው ጋ እንደምተኛ ይታወቀኝ ነበር።

አንድ እሑድ ባዶ እጃችንን ጣቢያ ስሸኛት "በኔ እጅ የገባ ነገር አይባረክም" አለች። ቀልድ አልነበረም። ይህች ቃል አስተኛችኝ ብልህ ውሸት ነው። በሚቀጥለው ስትመጣ፣ ለአሠሪዎቿ መልስ የምትሰጥበት ሰኞ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ እኔ ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ወርጄ በቀላሉ ዘንግ አንድ ደህና ኤግሊ አወጣሁ። እንደ ደንቡ እዚያው ገድዬ በላስቲክ ጠቅልዬ ድንጋይ ሥር ሸሸግኩት። ቀትር ላይ ውሃ ልትገዛ ወደ ኪዮስኩ ስትወጣ የሞተውን ዓሣ በሷ ዘንግ መንጠቆ ላይ ሰክቼ ውሃው ውስጥ ለቀቅኩት።

"እትዬ፣ ቶሎ ነይ!"

ዘንጉን እጇ ላይ አኖርኩላት፤ ራሷ አጠነጠነችው። የሞተ ዓሣ እንደማይታገል አላወቀችም አልኩ በልቤ፤ በዚያ ዱላ ላይ ሕያው ኤግሊም አይሰማም። ዓሣው ከውሃው ሲወጣ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፊቷ እንዲያ ሲበራ ያየሁት አገር ቤት ሳለን ነው፤ በውነቱ ደስ አለኝ።

"ምልክት ለምኜ ነበር" አለችኝ ዓሣውን እያየች። "በዚህ ዘንግ አንድ ዓሣ እንኳ ካወጣ ራሱን ችሏል ማለት ነው፣ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ካላወጣ ግን እቀራለሁ ብዬ ነበር። በቃ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ።"

እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ስለሷ ብዬ ዋጥኩት፣ ያለ ወረቀት እንዳትቀር ብዬ ነው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ይህም ነበረበት። ግን የሞተ ዓሣ መንጠቆ ላይ የሰካሁ ሰው መሆኔን እንዳታውቅብኝም ፈራሁ። የትኛው እንደበለጠ ራሴን ስጠይቅ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ያን ዓሣ ማታ የጠበሰችው እሷ ናት። በየሳምንቱ ለዲፕሎማቱ ቤት ዓሣ የምታጸዳ ሴት ናት፤ ጠዋት የሞተውንና አሁን የወጣውን ከዓይኑ ትለያለች። ሆዱን ስትከፍት ትንሽ ቆም አለች። ቆም አለች እላለሁ እንጂ ቢላዋው ደንዞባትም ሊሆን ይችላል። አልጠየቅኳትም። ምናልባት መሄድ ፈልጋ፣ ሰበብ አጥታ፣ ያመጣሁላትን ሰበብ ተቀብላኝ ይሆናል።

የኔ ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። እሷ ግን አሠሪዎቿ በተዛወሩ ቁጥር እየተዛወረች ነው። ሁለት ጊዜ ልጠይቅህ ልምጣ ብላ ቪዛ ከልክለዋታል። ስልክ ላይ ድምፅዋ እየሳሳ መጥቷል፤ ወገቤን ያመኛል ትላለች፣ ወዲያው ስለኔ መጠየቅ ትጀምራለች።

የተሰናበትነው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጄኔቫ ኤርፖርት ነው። የአሠሪዎቿ ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ ቀሚሷን ይዘዋል። አባትየው ሰዓቱን እያየ ከፊት ቆሟል። እህቴ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችና እጇን እዚያው ተወችው።

"ያለ እኔ ትችላለህ፣ አይደል?" አለችኝ። ዓይኔን እያየች ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

"እችላለሁ፣ እትዬ" አልኳት።

እጇን ከኮሌታዬ ላይ አንስታ የልጆቹን እጅ ያዘች።