ሳንነቃነቅ የተቀረጽነው ፊልም

ልጅ እያለሁ ከእኩዮቼ ሁሉ የምበልጥበት አንድ ሙያ ነበረኝ፤ አለመነቃነቅ። በሩጫ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ፣ በሰኞ ማክሰኞ መስመር የምረግጠው እኔ ነኝ፣ የገመድ ዝላዩንማ ባታነሱብኝ ይሻላል። ቁሚ ከተባልኩ ግን ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ቢያርፍ እንኳ ንቅንቅ አልልም። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ለምን እንዳስተማረኝ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩ አልቆ ተቀብሯል ብዬ ነበር፣ ባለፈው እሁድ ሚዛን ተፈሪ የተከራየሁት ቤት ድረስ መጥቶ አገኘኝ እንጂ።

እኔና አባዬ የምንኖረው ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ የቡና መንደር ውስጥ ነበር። እሱ በወጣትነቱ ከወሎ ከሰፋሪዎች ጋር የመጣ ነው። እናቴን አላውቃትም፤ ገና ጡት ሳልጥል ወባ ወሰደቻት። ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባዬ የቡና ማድረቂያው ላይ ነበር የሚሠራው፤ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራው ረጅም አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ ይውላል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፍናል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገልጣል። የዚያ አገር ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። የቡና ገለፈት ሲሰነብት የሚያመጣው ኮምጣጣ ሽታ ከልብሱ አይለቅም ነበር፤ ዛሬም በቡና ወራት በባጃጅ ሳልፍ ያ ሽታ ከመጣ፣ ሳላስበው ዞር ብዬ ሰው እፈልጋለሁ።

አባዬ ወሬ አይወድም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ የቀኑን ሁሉ ስዘከዝክለት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይለኛል። ከዚያ የከፋኝ ሲመስለው «አብሽሪ» ይልና ጭንቅላቴን ነካ ያደርገኛል። የአገሩ ቃል ናት፤ ለታመመም፣ ለራበውም፣ ጨለማ ለፈራም እሷኑ ነበር የሚላት።

አንድ ዓመት ለበዓል ቴፒ ፎቶ ቤት ወሰደኝ። የእኔ ዕድሜ ሰው ያን ፎቶ ቤት አይረሳውም፤ ግድግዳው ላይ ባሕርና ዘንባባ ተስሎ፣ በጎን የላስቲክ አበባ ተቀምጦ። ፎቶ አንሺው «እንዳትነቃነቁ!» ብሎ አስጠነቀቀን። እኔ ግን ባሕር አይቼ አላውቅምና ላየው ዞር አልኩ። ከሳምንት በኋላ ፎቶው ሲወጣ አባዬ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ ቆሟል፤ ከአጠገቡ እኔ መሆን ያለብኝ ቦታ ላይ ጉም ነገር አለ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አይታው እስክታነባ ሳቀች። አባዬ አልሳቀም። አብረን ያለን ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

በቀጣዩ የቡና ወራት ከአዲስ አበባ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ስለ ቡና ሠራተኞች ዘጋቢ ፊልም ይሠራሉ አሉን። እኛ ፊልም የምንለው ቴፒ ቪዲዮ ቤት የሚታየውን፣ ሰው የሚዘፍንበትንና የሚደባደብበትን ነው። አባዬ እሱንም አይቶ አያውቅም። ካሜራ ሲባል የገባው የፎቶ ቤቱ ካሜራ ነው፣ የፎቶ ቤቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ራት በልተን እንዳበቃን ልምምድ ጀመርን። ፊት ለፊት እንቆማለን፤ ቀድሞ የተነቃነቀ ተሸናፊ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ጊዜ ተሸነፍኩ። በኋላ ግን ሙያው ያዘልኝ፤ አባዬን ልብ ብዬ ሳየው ሳቁን ሲታገል ጢሙ ይርገፈገፍ ነበር። እንደዚያ ስንሆን ያየን ሰው አብደዋል ይለን ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል የተደሰትኩበት ማታ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ መጡ። አለቅየው ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ነበር። አንዲት ልጅ ደግሞ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ፀጉራም ነገር ሰክታ ትይዛለች፤ የዝንብ መከላከያ መሰለኝ፣ ለካ ድምፅ መቅረጫ ኖሯል። ወጣቱ በትሕትና፣ እኛ እንደሌለን ቁጠሩና ሥራችሁን ሥሩ አለ። አባዬ እሺ ጌታዬ አለውና ገብቶ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ ጀርባ ሰጥቶ ቡና ማገላበጥ ለእሱ ነውር ነው። የማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፣ ትንፋሻችንን ዋጥን።

እነሱ እኛ ሥራ እስክንጀምር ይጠብቃሉ፤ እኛ ካሜራው ቀጭ እስኪል እንጠብቃለን። አቤት፣ እንዴት ረዘመ! ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልጨፈንኩም። በስተመጨረሻ አንድ የተረገመ ጉንዳን በባቴ ላይ ወጥቶ ነከሰኝ። ቻልኩት፤ ደገመኝ። ሦስተኛው ላይ እግሬን አራገፍኩ። አባዬ በጥርሶቹ መሃል አንድ ነገር አለኝ። ያኔ ከድንጋጤዬ የተነሳ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም። ትንሽ ቆይተው ሰዎቹ ካሜራቸውን አወረዱ፣ አመስግነው ጨበጡን፣ ፊልሙ ሲያልቅ ለቴፒ ቪዲዮ ቤት እንልካለን ብለው ሄዱ። በዚያው የውሃ ሽታ ሆኑ።

አባዬ ግን ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆምና ባርኔጣውን ያወልቃል። ባለቤቱን ጋሽ ሙላትን «የኛ አልመጣም?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጋሽ ሙላት ደግ ሰው ነበር፣ የለም ማለት አይሆንለትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጣ አይቀርም ይለዋል። ወረፋ የያዙት ልጆች ይሳሳቃሉ። እኔ ከኋላው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ምክንያቱም ለምን እንዳልመጣ አውቅ ነበር፤ ተነቃንቄ ፊልሙን አበላሽቼዋለሁ። ጉም ሆኖ ወጥቶባቸው ጥለውት ነው። ይህን ለአባዬ መንገር ነበረብኝ፣ ግን አፌን ያዘኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ሲጠይቅ ባየሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያዘኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አባዬ ታመመ። እንደ ሁሌው ወባ ናት፣ ትለቀዋለች ብለን ነበር። አንድ ቅዳሜ መነሳት ሲያቅተው ሄጄ እንድጠይቅለት ላከኝ። ሄድኩ። ጋሽ ሙላት ራሱን ነቀነቀ፣ በዚያን ቀን የሚቀጥለውን ሳምንት ነገር አላነሳም። መንገዱን ሙሉ ቃሌን ሳዘጋጅ መጣሁ፤ «አባዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጉንዳን ነክሶኝ ነው» ልለው። መንደር ስደርስ ሰዎች ደጃችን ላይ ቆመዋል። እትዬ በላይነሽ ሮጣ መጥታ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣለችብኝ። የያዝኩት ቃል አፌ ውስጥ ቀረ።

እትዬ በላይነሽ ይዛኝ ሚዛን ገባች፣ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ፎቶው ስላለኝ የአባዬን ፊት አልረሳሁም። ድምፁ ግን ጠፋብኝ። መቼ እንደጠፋ አላውቅም፤ አንድ ቀን «አብሽሪ» ሲለኝ ልሰማው ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የመጣው የራሴ ድምፅ ሆነ። ያን ቀን እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ ማንም አልደረሰኝም፣ ለማንስ እነግራለሁ?

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለች የኮሌጅ ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ዝርዝር ላከችልኝ። በዚህ ወር በሲኒማ ቤትም ሆነ ቤት ሆነው የሚያዩዋቸው አዳዲስ ዘጋቢ ፊልሞች ይላል። ከአንደኛው ሥር የናንተ አገር ቡና ነው ብላ ጽፋልኛለች። ፊልም ሠሪው በወጣትነቱ ቴፒ አካባቢ ቀርጾ ሳይጨርሳቸው የቀሩ ካሴቶችን በስተርጅና አውጥቶ የሠራው ነው። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

እሁድ ከቀትር በኋላ በሬን ዘግቼ ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሰው ልጥራ ብዬ አስቤ ነበር። እትዬ በላይነሽ አርፋለች። ጋሽ ሙላት ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ አገሩ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቤቱ አሁን ሞባይል መሸጫ ነው። አባዬን የሚያውቅ ሰው ስቆጥር ስቆጥር ራሴ ላይ አለቀ። ፊልሙ ጀመረ። ጫካው መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቡና ለቀሙ። አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል የለንበትም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ ኮቱን አየሁ። አባዬ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እጁ የአንዲት ከሲታ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ሁለቱም አይነቃነቁም። ከበስተጀርባ ያረጀ የሰው ድምፅ፣ ያ ፀጉሩን ያጎፈረው ወጣት መሆን አለበት፣ «ፎቶ መስሏቸው ነው» ይላል። «ተንቀሳቀሱ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። እኔም ቆሜ ቀረሁ።» ከዚያ የሚሰማው የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። ልጅቷ ድንገት እግሯን አራገፈች። አባቷ ከንፈሩን ሳያላቅቅ፣

«አትነቃነቂ የኔ ልጅ… አብሽሪ፣ አለቀ» አላት።

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለውም። ድምፁ እንደማስበው ወፍራም አልነበረም፤ ቀጠን ያለ፣ የወሎ ለዛ ያለው፣ ሳቅ የሚታገለው የወጣት ድምፅ ነው። ለካ አሁን እኔ ከዚያን ጊዜው አባዬ በዕድሜ እበልጣለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አበላሸሁት ብዬ የተቃጠልኩበት ፊልም አልተበላሸም። እንዲያውም ጉንዳኑ ባይነክሰኝ፣ እግሬን ባላራግፍ፣ አባዬ እንደ ፎቶው ዝም እንዳለ ያልፍ ነበር። ድምፁን ያተረፈልኝ ያ መነቃነቄ ነው። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ያኔ አንድ ፊልም ለማየት የመንደሩ ልጅ ሁሉ ቴፒ ይወርዳል፤ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን አንዳችን የሌላውን እግር እየረገጥን፣ አብረን እየሳቅን እናያለን። ፊልሙ ግን አልመጣም። አሁን ፊልሙ እጄ ድረስ መጣ፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ነው የጠፋው። ስልኩን አቆምኩና ባዶውን ቤት አየሁ።

«አባዬ፣ የኛ መጣ» አልኩ። ሰው እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩት፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እሱ እስኪናገር ድረስ ሳልነቃነቅ ጠበቅኩት።